ሁለት ለባዶ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 22 አባላት ነበሩት። ማክሰኞና ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ዜና አንብበናል፤ የግድግዳ ጋዜጣችንም በየወሩ ወጥቷል። ስለ ሥራው ብዛት ይህ ይበቃል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ዓመቱን ሙሉ ያከራከረችንን አንዲት አጭር ቃል ነው፤ «ባዶ»ን።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር፣ በክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ሰሞን ነው። የስፖርት ዜና አንባቢያችን ወረቀት ላይ «3 ለ 0» ተጽፏል። ልጅቷ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆማ «ሦስት ለ…» አለችና ቀጥ አለች። ጽሑፍ ላይ ቁጥሩን አስቀምጦ ማለፍ ይቻላል፤ አፍ ግን መምረጥ አለበት። ዜሮ? ባዶ? ምንም? «ሦስት ለባዶ» ብላ አነበበች። ቀጥላም ከራሷ ጨምራ «ተሸናፊዎቹ ባዷቸውን ወጡ» ስትል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የተሸነፈው ክፍል በረኛ ከፊት ረድፍ ነበር። አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤ መልሶ አሰረ፤ እንደገና ፈታ።

ከሰዓት በኋላ ስንሰበሰብ ልጆቹን ስለ ጨዋታው ጠየቅኋቸው። በረኛው ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ነበር፤ ዜናችን ውስጥ ግን አልገባም። «ሦስት ለባዶ» የስፖርት ጋዜጠኞች የዘወትር አነጋገር ነው፤ ግብ ይቆጥራል። «ባዷቸውን ወጡ» ሲባል ግን ቃሉ ከውጤት ሰሌዳው ወርዶ ሰዎቹ ላይ ይቀመጣል። አንባቢዋ ይህን ስትረዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዓርብ ዕለት ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚተርክ ዜና ራሷ ጽፋ አነበበች።

በጥር ወር ደግሞ የግድግዳ ጋዜጣውን በግዕዝ አኃዝ እናዘጋጅ ተባለ። ልጆቹ ለስፖርት ዓምዱ የመረጡት ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን የረታበትን ጨዋታ ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ግቦቹን አስቆጥረዋል። ጸሐፊያችን በወፍራም ቀለም «፪ ለ» ብሎ ጻፈና እጁ አየር ላይ ቀረ። ከ፩ እስከ ፼ ባሉት 20 ምልክቶች ውስጥ ዜሮ የለችም! አሥር የራሱ ፲፣ መቶም የራሱ ፻ ስላለው አላስፈለገችም። ዜሮ የሚለው ቃልም ቢሆን በጣሊያንኛ በኩል ከዐረብኛው «ሲፍር» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ያው ባዶ ነው። የአማርኛ መምህራችን በግዕዝ «የለም» ማለት የሆነውን «አልቦ» ሰጡን። «፪ ለአልቦ» ብለን ለጠፍነው፤ በበኩሌ ከዓመቱ ሥራችን ይህን ያህል ደስ ያሰኘኝ ርዕስ የለም።

አንድ የአሥረኛ ክፍል አባል ግን «ባዶ ሁልጊዜ ይጎዳል እንዴ? አበበ ቢቂላስ?» ሲል ጠየቀ። እውነቱን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ያን ድል የሚያወሳ ጋዜጠኛ ሁሉ «በባዶ እግሩ» ሳይል አያልፍም፤ ያቺው ቃል እዚህ ላይ ክብር ናት።

ከሁሉ የከበደን «ምንም» ነው። በመጋቢት አንድ ዘጋቢያችን «ቤተ ሙከራው ምንም መሣሪያ የለውም» የሚል ዜና ይዞ መጣ። በቅን ልብ የጻፈው ነው፤ እኔም ሳላርም ላሳልፈው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ቁልፍ አስመጥተን ገባን። ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ማይክሮስኮፖች አገኘን። አንድ በአንድ አውጥተን ሌንሳቸውን ጠርገን መስኮት አጠገብ ሞከርናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ምንም»፣ «ባዶ» ወይም «አንድም» የሚል ዜና ሲመጣ፣ ማን ሄዶ እንዳየና ስንት እንደቆጠረ የምንመዘግብበት ደብተር አለን።

ተመራቂዎቹ አባላት ደብተሩን በሰኔ ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች አስረክበዋል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ቤተ ሙከራ። ማይክሮስኮፕ 11። የሚሠሩ 4። የቆጠርነው ሦስት ሆነን ነው።»