ፒቸራችን ቢስትም በራሱ ይሳት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን የማነበው ዩኒየን ስቴሽን ተራ ስጠብቅ ነው፤ የምጀምረውም ከስፖርቱ ገጽ ነው። በቤዝቦል ቡድኑ በክሊቭላንድ ጋርዲያንስ ሁለት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ላይ ስለቀረበው የውርርድ ክስ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደህና ተጽፏል። መጨረሻው ላይ ግን ነገሩን አቀለላችሁት። ጨዋታ አልተሸጠም፣ ጉዳዩ የጥቂት ኳሶች ነው ዓይነት መንፈስ አለው። እኔ ደግሞ ጥቂት ኳስ መሆኑ ነው የባሰው ባይ ነኝ።

ቡድናችን ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል ወደዚህ ከተማ ሲመጡ ቤዝቦል የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ተሳፋሪ ይገባና "ስንት ለስንት ሆኑ?" ይለኛል። ዝም እላለሁ። ሲበዛብኝ አፍሬ ሬዲዮ መክፈት ጀመርኩ። ለካ ይሄ ጨዋታ ለታክሲ ሹፌር የተፈጠረ ነው። አይቸኩልም። አንዱን አውርዳችሁ ሌላውን ስትጭኑ አሁንም ያው ሰውዬ ባቱን፣ መምቻ ዱላውን፣ ይዞ ቆሟል።

ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ፒቸሩ ከ60 ጫማ ከ6 ኢንች ርቀት ላይ ኳሷን ይወረውራል። መቺው አጠገብ መሬት ላይ 17 ኢንች ስፋት ያላት ነጭ ሰሌዳ አለች። ኳሷ በሰሌዳዋ ላይ፣ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ከፍታ ካለፈች ስትራይክ ናት። ከዚያ ከወጣችና መቺው ካልሞከራት ቦል ትባላለች። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የኛም ጭቅጭቅ እንደዚያው።

ተጨቃጫቂዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራ ጓደኛዬና የእህቴ ልጅ። ርእሳችን ሁሌም ፒቸር ነው። በ2019 ቡድናችን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ የሚጀምርበት ጊዜ፣ ቡልፔኑ (ተቀያሪ ፒቸሮች የሚጠብቁበት ቦታ) የተከፈተ ቁጥር ጓደኛዬ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ይሸፍን ነበር። "ሲያልቅ ንገሩኝ" ይላል። ፓትሪክ ኮርቢን ላይማ ስንት ዓመት ተጣላን! ውሉ የስድስት ዓመት፣ 140 ሚሊዮን ዶላር። በ2021 16 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በ2022 ደግሞ 19። ጠበቃው እኔ ነኝ። የ2019ኙ የዓለም ሻምፒዮና ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ (ዙር) ያለ ምንም ነጥብ የዘጋልን እሱ ነዋ! ጓደኛዬ "ለሦስት ኢኒንግ 140 ሚሊዮን!" ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ሌላው ፒቸራችን ስትራስበርግስ? 245 ሚሊዮን ተፈራርሞ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጓደኛዬም ይራራል። ሰውዬው ክንዱ አልቆበት ነው፤ ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምን መሰላችሁ? ደካማ ብለናቸዋል። ሰነፍ ብለናቸዋል። የማይጻፍም ብለናል። "ሆን ብሎ ነው" የሚል ቃል ግን ከአፋችን ወጥቶ አያውቅም። ለክፋት እንኳ አላሰብነውም።

በ2025 ኦገስት ላይ ሦስታችንም ስታዲየም ገባን። ርካሹ ከላይ ያለው ወንበር ነው፤ እዚያ ተቀመጥን። ዓመቱ የመከራ ነበር፤ 96 ሽንፈት ላይ ነው ያለቀው። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ከቡልፔን አዲስ ፒቸር መጣ። የመጀመሪያ ኳሱን ሲወረውር ሰሌዳዋ ጋ ሳትደርስ አፈር መታች። ካቸሩ (ኳስ ቀላቢው) ተንበርክኮ በደረቱ አቆማት። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ "ኡፍ!" አለ። የእህቴ ልጅ አጨበጨበ።

ዞር ብዬ አየሁት። ቀልድ መሰለኝ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። የሚቀጥለው ኳስ ስትራይክ ወይስ ቦል የሚል ጥያቄ አለ፤ ከጎኑ ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት። ቦል ብሎ 20 ዶላር አስይዟል። ኳሷ አፈር ስትነካ 20ዋ ከ40 በላይ ሆነች።

"የማን ፒቸር ነው?" አልኩት።

"የኛ።"

"ታዲያ?"

"አጎቴ፣ እንደሆነ እንሸነፋለን። ቢያንስ እኔ ልብላ።"

ምን ልበለው? ሒሳቡ ልክ ነው። ወዲያው ከኋላችን አንድ ሰውዬ ተነስቶ ወደ ሜዳው ጮኸ። "ስንት ከፈሉህ?" አለው ፒቸሩን። ያን ሰሞን የክሊቭላንዱ ፒቸር ክላሴ ለምርመራ ከጨዋታ መታገዱ ገና ትኩስ ወሬ ነበር። ሰው ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሳቁ የጠፋብኝ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ነው። ያ ልጅ እጁ ላብ ስላለበት፣ ወይ ስለፈራ፣ አንድ ኳስ አበላሸ። ቤቱ ገብቶ ራሱን ሲረግም ያድራል። እኛ ደግሞ ሌብነት ጨመርንበት።

ከዚያ ኖቬምበር ላይ ክሱ ወጣ። ኢማኑኤል ክላሴና ሉዊስ ኦርቲዝ፣ ብሩክሊን ፌዴራል ፍርድ ቤት። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል፤ እኔም ዳኛ አይደለሁምና በዚያው እተወዋለሁ። ከሳሾቹ የሚሉት፣ የትኛው ኳስ ከሰሌዳዋ ውጭ እንደሚወረወር ለተወራራጆች አስቀድሞ ይነገራቸው ነበር ነው። በክላሴ ኳሶች ቢያንስ 400 ሺህ ዶላር፣ በኦርቲዝ 60 ሺህ ተወራራጆቹ በልተዋል ይላል ክሱ። ለኦርቲዝ ደረሰው የተባለው ግን አንዴ 5 ሺህ፣ አንዴ 7 ሺህ ነው። በክሱ ውስጥ አንድ ነገር አስቆኛል። ሜይ 28 ከዶጀርስ ጋር በተደረገው ጨዋታ አፈር እንድትመታ የተወረወረችውን ኳስ መቺው አንዲ ፓሄስ ባቱን ሰንዝሮ ሳታት። ባት ከተሰነዘረባት ደግሞ ስትራይክ ናት። ገንዘቡ ሄደ። ምንም የማያውቅ ሰው በችኮላው ቁማሩን አፈረሰው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንድ ጨዋታ ለመሸጥ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። በ1919 የቺካጎ ዋይት ሶክስ ለሲንሲናቲ የተሸነፉ ጊዜ ስምንት ተጫዋቾች ናቸው የተከሰሱት። በ1921 ፍርድ ቤት ነጻ አላቸው፤ የሊጉ ኮሚሽነር ላንዲስ ግን ማግስቱን ስምንቱንም ለዘላለም አገዳቸው። የአንድ ኳስ ነገር ሲሆን አንድ ሰውና አንድ ሰከንድ ይበቃል። ያም ሰው "ማንን ጎዳሁ?" ብሎ ራሱን ማታለል ይችላል። የመጀመሪያዋ ኳስ ቦል ብትሆን ምን ችግር አለ? ሦስት ስትራይክ ወርውሮ መቺውን ማስወጣት ይችላል፤ ቡድኑም ያሸንፋል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ የ1919ኙም በአንድ ኳስ ነው የተጀመረው። ፒቸሩ ኤዲ ሲኮት የመጀመሪያውን መቺ ጀርባውን መታው፤ ስምምነቱ ጸንቷል የሚል መልእክት ለቁማርተኞቹ ነበር። ያኔ አንዷ ኳስ ምልክት ነበረች። ዛሬ እሷው ራሷ ሸቀጥ ሆናለች።

ሸቀጥ ያደረጋት ማን ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2018 የስፖርት ውርርድን ለየስቴቱ ለቀቀው። ሊጉ ኖቬምበር ሳይወጣ ከውርርድ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። በ2022 መጀመሪያ እዚሁ ናሽናልስ ፓርክ ላይ የውርርድ ቤት ተከፈተ፤ ከትልቁ ሊግ ስታዲየም ጋር ተያይዞ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። በየቡድኑ መልበሻ ክፍል ግን የቁማር ክልከላው፣ አንቀጽ 21፣ ተለጥፎ ይገኛል። በራስህ ጨዋታ ላይ ከተወራረድክ ዕድሜ ልክ ትታገዳለህ። ቱኩፒታ ማርካኖ በ2024 በዚህ ተቀጥቷል። ልጁን እያዘንኩለትም ቅጣቱ አልከበደኝም። ግን ግድግዳው አንድ ነገር ይላል፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ማስታወቂያ ሌላ።

የእህቴ ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ይከራከረኛል። "ሕጋዊ ባይሆን ኖሮ ማን ያውቅባቸው ነበር?" ይላል። እውነቱን ነው። ኩባንያዎቹ ያልተለመደ ገንዘብ ሲያዩ ይናገራሉ፤ የመንደር አቋማሪ ለማን ይናገራል? የዶጀርሱ ተጫዋች የኦታኒ አስተርጓሚ ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ከአለቃው ሰርቆ የተጫወተው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሕገወጥ ከሆነ አቋማሪ ጋር ነው። ስለዚህ ሁሉም ይዘጋ አልልም። ማን ያሸንፋል ብሎ አሥር ዶላር የሚያስይዝ ሰው ጠላቴ አይደለም። እኔም ከጓደኛዬ ጋር ቡና አሲዤ አውቃለሁ፤ ያለብኝን ቡና ገና አልከፈልኩም።

የምለው የአንዷ ኳስ ውርርድ ከነጭራሹ ይቅር ነው። ሊጉ ከክሱ ማግስት በአንድ ኳስ የሚያዘው ገንዘብ ከ200 ዶላር አይበልጥም አለ፤ ከሌላ ውርርድ ጋር አጣምሮ ማስያዝም ተከለከለ። ጥሩ ጅማሮ ነው የሚሉ አሉ። እስቲ አስሉት። ሃምሳ ሰው እያንዳንዱ 200 ቢያሲዝ 10 ሺህ ነው። ኦርቲዝ በአንዴ አገኘ ከተባለው አይበልጥም እንዴ? ደግሞስ ስልኩን ታቅፎ ቦል ለሚል ልጅ 200 ዶላር ገደብ ነው እንዴ? የእኔው በ20፣ በ20 እያለ በዚያ ሰመር 1,700 ዶላር እንደተበላ ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ ነው የነገረኝ። (እህቴ ጋዜጣ አታነብም።)

ሌላም አለ። የደጋፊ ንዴት ያድርና ይበርዳል። የተበላ ሰው ንዴት ሌላ ነው። የሂውስተኑ ፒቸር ላንስ መከለርስ በሜይ 2025 አንድ ሰው ብቻ አስወጥቶ ሰባት ነጥብ ተቆጠረበት። ያን ምሽት ትንንሽ ልጆቹን እንገድላለን የሚል መልእክት ደረሰው። ፖሊስ ሲያጣራ ላኪው ባሕር ማዶ ያለ፣ ገንዘቡን የተበላ ሰካራም ሆነ። የሂውስተን ደጋፊ እንኳ አይደለም!

እንዲህ ስናወራ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ። ከኤርፖርት አንድ ሰውዬ ጭኜ ሆቴሉ በር ላይ ደርሻለሁ፤ ሜትሩንም ዘግቻለሁ። አልወርድም አለ። ሰባተኛው ኢኒንግ ነው፣ 2 ለ 1 እየተመራን ነው። የሂውስተኑ ፒቸር ዊል ሃሪስ ዝቅ ያለች፣ ወደ ውጭ የወጣች ጥሩ ኳስ ወረወረ። ሃዊ ኬንድሪክ እንደምንም ደርሶባት መታት፤ ኳሷ በቀኝ በኩል ያለውን የወሰን ምሰሶ አንኳኳች። ሆም ራን፣ ሙሉ ዙር የሚያስሮጥ ምት፤ ሁለት ነጥብ። 3 ለ 2። ሰውዬው የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ይደበድባል፣ እኔ ጡሩምባ ላይ ነኝ፣ የሆቴሉ ዘበኛ ሂዱልኝ እያለ መስኮት ይመታል። 6 ለ 2 አሸነፍን።

ያን ማታ ሃሪስ ላይ "ስንት ከፈሉህ?" ያለ ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም ከሁለት ወር በኋላ የኛው ቡድን ከሂውስተን ወስዶ አስፈረመው፤ ስታዲየም ሲገባ ተነስቼ አጨብጭቤለታለሁ። ጉዳት አላስቆመው ብሎ ብዙም ሳይወረውርልን ቀረ እንጂ። ያቺው ኳስ ዛሬ ብትወረወርስ? ጓደኛዬን ጠየቅኩት። "ስልካቸውን ይፈትሹ ነበር" አለኝ። እየቀለደ እንዳልሆነ ያወቅኩት ኮፍያውን ሲያወልቅ ነው።

አንድ ነገር ለእናንተም። ያ ጽሑፋችሁ ካለበት ገጽ ግርጌ የውርርድ ማስታወቂያ አለ። ቆርጬ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጋዜጣ በነጻ እንደማይታተም አውቃለሁ፤ ቢያንስ ገጹን ቀይሩት።

ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን መክፈቻ ሦስት ትኬት ቆርጠናል። የእህቴ ልጅ ስልኩን እኔ ኪስ ውስጥ ሊያስቀምጥ ተስማምቷል፤ ግን እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ብቻ ነው ብሏል። ስምንተኛው ላይ ደግሞ ቡልፔኑ ይመጣል።

አክባሪያችሁ
ታክሲ ነጂው፣ ከዋሽንግተን ዲሲ