የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ የዱቤ ደብተሩና ያልተቆጠሩት ምርጫዎች

ክበባችን ዘንድሮ ያዘጋጀው ቪዥዋል ኖቭል፣ ማለትም በሥዕል፣ በድምፅና በጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚነበብ፣ አንባቢው መሃል መሃል ላይ ምርጫ የሚያደርግበት ታሪክ፣ በ20 ደቂቃ ተነቦ ያልቃል። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ከሞተ በኋላ አንድ ምሽት ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ይሸጥ አይሸጥ ይከራከራሉ። ቦታው አንድ፣ ሰው ሁለት፣ ለእያንዳንዱ የተሳለው የፊት ገጽታ ሦስት ብቻ ነው። ሥራው ሳይጓተት ያለቀው በዚህ ቁጥብነቱ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ታናሹ የዱቤ ደብተሩን የሚገልጥበት ትዕይንት ነው። በአባቱ እጅ ጽሑፍ፣ በጎረቤቶች ስም መሃል፣ የራሱን ስም ያገኛል፤ «ከረሜላ፣ 2» ይላል። የንግግሩ ሳጥን ይጠፋል፣ የዝናቡ ድምፅ ይቆማል፣ ለሁለት ሰከንድ ደብተሩ ብቻውን ስክሪኑን ይሞላል። በመጀመሪያው ረቂቅ እዚህ ላይ ስድስት መስመር የሐዘን ንግግር ነበር። ተማሪዎቹ ሰረዙት፤ ደግ አደረጉ። ሥዕል የተናገረውን ጽሑፍ ከደገመው ድራማው ይቀዘቅዛል።

ድክመቱ ምርጫዎቹ ላይ ነው። ሦስት ቦታ ሁለት ሁለት ምርጫ አለ፤ መንገዶቹ ካልተገናኙ ስምንት መጨረሻ መጻፍ ግድ ስለሚሆን ሁሉም ወደ አንድ ትዕይንት ይመለሳሉ። መመለሳቸው ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ የተመረጠው ነገር የትም አለመመዝገቡ ነው። ቁጣን የመረጠም ዝምታን የመረጠም አንባቢ ከታላቁ ወንድም የሚያገኘው መልስ ያው ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው ወዲያው ይነቃበታል። ምርጫውን በአንድ ቫሪያብል (ፕሮግራሙ መረጃ በሚያስታውስበት ስም) ይዞ ኋላ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀየር ይበቃ ነበር። ታላቁም ከዳር እስከ ዳር ቁጡ ነው፤ ለመሸጥ ለምን እንደቸኮለ አንዴም ስለማይናገር ክርክሩ ላንዱ ያደላል።

ለሚቀጥሉት ተማሪዎች፦ የሠራንበት ሬንፓይ የተባለው የቪዥዋል ኖቭል መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት «ጌም» የሚለው ፎልደር ውስጥ አስገብቶ «ጂዩአይ» በሚለው ፋይል የፎንቱን ስም መቀየር ነው። በ1280 በ720 ስክሪን የተሰጠው መጠን 22 ለፊደላችን ደቃቃ ነው፤ 28 ይነበባል። ያኔ ሳጥኑ የሚይዘው ሦስት መስመር ያህል ስለሆነ አንድ ንግግር ከ15 ቃል አይብለጥ። ኮዱ ሲጻፍ ሬንፓይ የታብ ቁልፍን አይቀበልም፤ መስመር ከዳር ወደ ውስጥ የሚገባው በስፔስ ቁልፍ ብቻ ነው።

በመስከረም ሥራው የሚጀምረው ከታላቁ ወንድም ነው፤ ለምን እንደሚሸጥ የሚናገርበት ትዕይንት ገና አልተጻፈም።