አደራሽን ይዤ እየመጣሁ ነው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን ሥራ በዛብኝ ብዬ አላመካኝብሽም። እማማን ልታስታምሚ አትላንታ ስትሄጂ ድመትሽን ዳማን አደራ ሰጥተሽኝ፣ «እኔው ራሴ በመኪና አመጣልሻለሁ» ብዬሽ ነበር። የሞከርኩ ዕለት ግን ሪችመንድ እንኳ ሳልደርስ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን ባየሁ ቁጥር አፈርኩ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የመጓጓዣ ሳጥኗን ያወጣሁት በዚያው ጠዋት ነው፤ ቁርሷን አብልቼ፣ ቤቱን ሙሉ አሳድጄ ይዤ ከተትኳት። ገና ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳንርቅ አስመለሳት፣ ሸናች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልክ ጀመር። ድመት እንዲያ የምታለከልከው ሙቀት ወይ ከባድ ጭንቀት ሲይዛት መሆኑን ሐኪሟ ኋላ ነገረችኝ። ያ ጩኸቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለካ የፈራችው ከመንገዱ በፊት ሳጥኑን ነው! ሳጥኑ ሲወጣ ሁሌም ሐኪም ቤት ነበር የምትሄደው። አሁን አንድ ወር ሆነው፣ በሩ ተከፍቶ ሳሎን ተቀምጧል። አሮጌ ጋቢዬን አነጠፍኩበት፤ እራቷንም መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ወደ ውስጥ እያስጠጋሁ ሰጠኋት። አንድ ማታ ራሷ ገብታ ተኝታ ሳገኛት እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ሞተር ሳላስነሳ መኪናው ውስጥ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር፤ ባለፈው እሁድ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። ትንሽ ጮኸችና ዝም አለች።

ሐኪሟ ጋባፔንቲን የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ከመነሳታችን ሁለት ሰዓት ግድም ቀድሞ የሚሰጥ ነው። አስቀድመን ቤት ሞከርነው፤ እግሯ ትንሽ ቢንገዳገድም ረጋ አለች። አደራ፣ እዚያ ስትደርስ ብትጨነቅ የሰው መድኃኒት እንዳትሰጫት፤ ታይሌኖል፣ ያ የራስ ምታት ክኒን፣ ድመት ይገድላል።

መንገዱ ከ600 ማይል በላይ ስለሆነ ሰሜን ካሮላይና አድረን በሁለት ቀን እንመጣለን። ሳጥኗ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ይሆናል፣ በነጠላ እሸፍነዋለሁ። ነዳጅ ማደያ ላይ በሩን አልከፍትም፤ አንዴ ካመለጠች አላገኛትም። ብቻዋንም መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አልተዋትም።

አንቺ ጸጥ ያለች ክፍል አዘጋጂላት፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋና ውሃዋን አስቀምጪላት፤ አልጋ ሥር ብትገባ አትጎትቻት፣ ራሷ ትውጣ። ደግሞ ለብሰሽው ያልታጠበ አንድ ሻሽ በፖስታ ላኪልኝ። ጋቢው ላይ ደርቤ፣ ሽታሽን እንደገና እየለመደች ትምጣ።

ናፋቂሽ እህትሽ