ለልጄ፣ ስለላክሽልኝ መግለጫ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እናትሽን ትንሽ ወገቧን ካመማት በቀር።

ስለ ወተት ማቀነባበሪያሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን ጋዜጣዊ መግለጫ አነበብኩት። «ድርጅታችን 3ኛ ዓመቱን በደማቅ ሁኔታ አከበረ» ይላል። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ግን ይሄ ለእናንተ ነው እንጂ ለአንባቢ ዜና አይደለም። ዜና ክፍል እያለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ይከመር ነበር፣ ከመጀመሪያው መስመር አላልፍም። ሱሉልታ ውስጥ ኬክ መቆረሱ መገናኛ ላይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ምኑ ነው? ፌስቡክ ላይ ለጥፊው፣ ይበቃዋል።

የገረመኝ «የምጽፈው አለቀብኝ» ማለትሽ ነው። አንቺ እኮ ወተት ላይ ነው ያለሽው!

ሁዳዴን ውሰጂ። 55 ቀን ሙሉ ስንቱ የአዲስ አበባ ሰው ወተት አይቀምስም። ላሟ ግን አትጾምም። ገበሬው ጠዋት ማታ ያልባል፣ ገዢው ይቀንሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ አንቺ ደግሞ ያንን ወተት ተቀብለሽ ቅቤና አይብ አድርገሽ ለፋሲካ ታደርሻለሽ። በስልክ ስትነግሪኝ እንደ ተራ ነገር ነው ያለፍሽው። እኔ አዘጋጅ ብሆን በማግስቱ ጋዜጠኛ እልክ ነበር። በጾም ስንት ሊትር ትረከቢያለሽ? ስንቱ ቅቤ ይሆናል? ገበሬው ከጾሙ በፊት በሊትር ስንት ያገኝ ነበር፣ አሁንስ? ቁጥሩ ደብተርሽ ላይ አለ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላኪው። ያን ሰሞን ጋዜጠኛው ሁሉ ስለ ሽሮና ስለ ዘይት ዋጋ ነው የሚጽፈው፤ ወተቱ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

ሌላው ሰው የሚፈራው ነገር ነው። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ መገኘቱን ያሳየው ጥናት ሲወጣ ስንቱ ሰው ወተት መጠጣት እንደፈራ ታስታውሻለሽ። ዋናው ጣጣ መኖው ነው፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ሲሻግት። ወተቱን ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም። እና አንቺ ለገበሬዎችሽ ፋጉሎውን ከእርጥበት አርቀው እንዲያስቀምጡ ያሳየሽ ጊዜ፣ ያ መግለጫ ነበር! ማንም አላወቀም። ብቻ የላብራቶሪ ወረቀት በእጅሽ ሳይኖር «የኛ ወተት ንጹህ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። ያደረግሽውን ጻፊ፣ ያልተመረመረውን ተዪው።

የመንግሥት የሌማት ትሩፋት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ2015 ወዲህ ስለ ወተት የባለሥልጣን ንግግር ሞልቷል። በትንሽ ቤት ወተት የሚያቀነባብር ሰው ምን ይላል የሚለው ነው የጎደለው። ግንቦት 24 የዓለም የወተት ቀን ነው፤ ግን የያዝሽው አዲስ ነገር ከሌለ እለፊው፣ ያን ቀን ሁሉም ያወራል። ይልቅ ባሕርዳርም ይሁን ሐዋሳ ቢሮ ሁሉ ዝግ የሚሆንበት የበዓል ሰሞን ይሻላል፤ ዜና ይጠፋል፣ አዘጋጁ የሚያትመው ፍለጋ ይንቆራጠጣል።

አጻጻፉን በተመለከተ ብዙ አልልሽም። «ታላቅ»፣ «ግንባር ቀደም»፣ «አንጸባራቂ» የሚሉትን አውጫቸው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚያነሳ ሰው ያለበት ስልክ ቁጥር ይኑረው (ያለፈው ላይ የጻፍሽው ዝግ ነው ይላል!)። ፎቶ ከሆነ እጅ ለእጅ መጨባበጥ አታሳዪኝ፣ ወተቱ ሲለካ አንሺው።

የሁዳዴውን ጽፈሽ እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ስሙን የምትጠቅሺውን ገበሬ ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂው፤ ጋዜጠኛ ድንገት ደጁ ላይ ቆሞ ቢያየው ይደነግጣል።

አባትሽ