የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ኪቦርድ፣ ስድስት ድንጋይ

ክበባችን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው፣ የተሰበረ ወንበር በሚከመርባት ክፍል ውስጥ መሆኑን ታውቃላችሁ። ወንበሩ አሁንም አለ፤ እኛ ጥጉን ይዘናል። እኔ ደግሞ የሙዚቃ መምህር አይደለሁም። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ክበቡ የደረሰኝ ክበባት በሚከፋፈሉበት ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው፤ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ረቡዕ ረቡዕ ከ9፡30 ጀምሮ ተሰብስበናል። ፀሐፊ ተመርጧል፣ መዋጮ ተሰብስቧል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ። በውድድሩ ከመጀመሪያው ዙር ነው የወደቅነው። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ከበሮ መቺያችን ከሁላችንም ቀድሞ ጨርሶ ቁጭ ብሎ ጠበቀን።

አሁን ወደ ኪቦርዱ ልምጣ። ያለን አንድ ነው፤ መሃል ላይ ያለችው ፋ ደግሞ አትሠራም። ቀላል ነገር የመሰለው ካለ ላስረዳ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ከዶ ሲነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ የለበትም። ሌሎቹ ቅኝቶች ግን፣ ባቲ ፋ አለበት፣ አምባሰል ፋ አለበት፣ አንቺሆዬም አለበት። «እናንተ ሁሌ ትዝታ ብቻ ነው እንዴ?» እያላችሁ ስታሾፉብን ለከረማችሁ ባልደረቦቼ መልሱ ይኸው። ናፍቆት ይዞን አይደለም፣ ፋ የለንም። የእግር ኳስ ቡድናችን በዚሁ ዓመት ሁለተኛ ማሊያ እንደለበሰም አይተናል፤ ያምርባቸዋል።

በየዓመቱ አንድ ሙዚቀኛ መርጠን ስለሱ እናጠናለን። ዘንድሮ አብዛኛው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ ይሁን ብሎ ነበር። ልክ ናቸው፤ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ኢትዮ ጃዝን ያቆመ ሰው ነው። ግን የሱን መሣሪያ ቫይብራፎንን፣ በመዶሻ የሚመታውን ባለ ብረት ቁልፍ፣ እዚህ ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ባለን ዕቃ የምንከተለው ሰው ይሁን ብዬ ስለተከራከርኩ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በጠባብ የድምፅ ልዩነት አለፈ።

ጋሽ ኃይሉ እንደ ፈረንጆቹ በ1946 ደብረ ብርሃን ነው የተወለደው። (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) አሥር ዓመቱ ላይ አዲስ አበባ ገባ፣ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ። መምህር ሳይኖረው! ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ነገሩ ገብቶኛል። ከዚያ ኦርጋኑን ይዞ ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት ኖረ። ደርግ ሰዓት እላፊ ስላወጀ ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። በ1977 «ቼ በለው»ን ሠሩ። ሙላቱም ያለበት፣ ዘፋኝ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ ነው። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሄደ፤ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ።

በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ ከኪቦርድ ዓይነት ደግሞ ሮድስ፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ ሁሉንም ራሱ እየተጫወተ ደራረባቸው። ያንን ካሴት ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አገኘው፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ዓለም ጉድ አለ። የት አገኘው? እዚችው ባሕር ዳር! ይህን ስናገር ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ የት ሱቅ?» አሉኝ።

ሱቁን አላውቀውም። ግን ቅዳሜ ጠዋት 11 ልጆች ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። (በእግር ነው የሄድነው፤ የትራንስፖርት ጥያቄያችን ገና በሂደት ላይ ነው።) ገበያ አካባቢ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበሩትን አንድ በአንድ ዞርናቸው። ሦስቱ አሁን ቻርጀርና የስልክ ከቨር ነው የሚሸጡት። አራተኛው ላይ አንድ አባት ቁጭ ብለዋል። «የኃይሉን? ዘፈን የሌለውን?» አሉና ሳቁ። «እሱማ ድሮ አለቀ።»

ግን ከመደርደሪያው ስር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትተው የሌላ ሰው ካሴት ከፈቱልን። ትንሽ እንደተጫወተ ቴፑ ክሩን በላው። አባባ ሳይደናገጡ ካሴቱን አወጡ፣ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ፣ ቀስ እያሉ አዞሩት። ልጆቼ ቀዶ ጥገና የሚያዩ ይመስል ተደፍተው ያያሉ። አንዱማ «ዘፈኑ እዚህ ክር ላይ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ማግኔት ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ።

ከዚያ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የጋሽ ኃይሉን በስልክ ሰማን። አሜሪካ ታክሲ ሲነዳ ስለኖረበት ጊዜ ነገርኳቸው፦ ኪቦርዱን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይይዛል፣ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመዳል፣ በባትሪ። እንዲህ ኖሮ ነው በ2018 «ላላ በሉ»ን ያወጣው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አለችን፤ ዓመቱን ሙሉ ከስሟ በቀር ብዙ ያልሰማሁባት፣ አባቷ ባጃጅ የሚነዱ። «ተራው ሲደርስስ? ዜማውን መሃል ላይ ያቆመዋል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችኝም፤ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ እየተንቀሳቀሱ ነበር።

ረቡዕ ከሁሉም ቀድማ መጣች። «ቲቸር፣ አምባሰልን ከዶ ሳይሆን ከሶል ብንነሳስ?» ሶል፣ ላ ቢሞል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቢሞል። (ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።) ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት። ፋ የለበትም! የተበላሸችውን ቁልፍ ዘልላ አምባሰልን አወጣችው። እኔ ፋ ይሠራልን እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ነበር። (ድምፁን የሚያዛውረው ቁልፍ አለ አይደል እንዴ የምትሉ አዋቂዎች፦ እሱም ተበላሽቷል።) ልወጣ ብዬ በር ላይ ደረስኩና ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው፣ ወንበሮቹ ናቸው።

የወላጆች ቀን ላይ ሁለተኛው ሥራ ሳያልቅ መብራት ሄደ። ሰው መነሳት ጀመረ። ልጅቱ ከቦርሳዋ ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ አወጣች፣ ኪቦርዱን ገልብጣ አስገባች፣ ካቆመችበት ቀጠለች። ስፒከሩ በመብራት ስለሆነ የሚሰማው የኪቦርዱ የራሱ ትንሽ ድምፅ ብቻ ነው። ፊት ያሉት ዝም አሉ፣ ቀጥሎ መሃል ያሉት። የኋላ ረድፍ የሰማ አይመስለኝም፤ ግን እነሱም ዝም ብለዋል። ድንጋዩን የገዙት አባቷ ናቸው። ከክበቡ በጀት አይደለም፤ በጀት የሚባል ነገር የለንምና።

ሙዚቃ ከትምህርት ያዘናጋል ለሚሉ ወላጆች፦ ከክበባችን ዘንድሮ የወደቀ አንድ ልጅ ነው። የወደቀውም በእኔው ትምህርት ስለሆነ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

የምንፈልገውን በግልጽ ልናገር። ፋ የሚያሠራ ሰው። አያቱ ቤት ያረጀ አኮርዲዮን ያለው፣ ቢተነፍስም ግድ የለም፣ ወናፉን እንደፍናለን። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ድንጋይ፣ ስድስት ስድስት እየሆነ። ትልቁ ነው የሚገባው፤ ትንሹን እንዳትገዙ።