ለልጄ፣ ከኤርቢል፣ ኢራቅ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በመልእክትሽ ላይ «አረብ አገር ላለችው እናቴ» ብለሽ ጽፈሻል። አልተቀየምኩሽም። እኔም ስመጣ እንደዚያ ነበር የምለው። አንድ ቀን ግን የማስታምማቸው አሮጊት ሰሙኝ። እጄን ያዝ አድርገው «እኛ ኩርዶች ነን» አሉኝ። አነጋገራቸው እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

አሁን «ዳዬ» ነው የምላቸው፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። ከተማዋንም ኤርቢል ሳይሆን ሀውሌር ነው የሚሏት። ኩርዶች 30 ሚሊዮን ገደማ ናቸው ይባላል፤ የራሳቸው መንግሥት ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1920 የሴቭር ውል ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የሎዛን ውል ያንን ተስፋ አጠፋው። ምድራቸው በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶሪያ ተከፋፍሎ ቀረ።

ዳዬ የሐላብጃ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሳዳም አውሮፕላኖች መርዝ ጋዝ የጣሉባት ከተማ ናት። 5,000 ያህል ሰው አለቀ። ጋዙ መጀመሪያ ፖም ፖም ይሸት ነበር ይላሉ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ፖም አይገባም። ገበያ ስሄድ ብርቱካን ነው የምገዛው።

ባለፈው ወር ቤተሰቡ ላሊሽ ወሰደኝ። የየዚዲዎች ቅዱስ ስፍራ ነው። ዳዬ እንደ አብዛኛው ኩርድ ሱኒ ሙስሊም ናቸው፤ የዚዲዎች ግን የራሳቸው እምነት አላቸው። ኩርድኛ ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ኩርድ ነን ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የዚዲ ብቻ። እኔም መጠየቅ ለመድኩ። ጫማ አውልቀሽ ነው የምትገቢው። የበሩን ደፍ መርገጥ ነውር ነው፤ ተሻግረሽው ታልፊያለሽ። ልጆቻቸውን የሚያጠምቁበት ምንጭም አለ። በባዶ እግሬ ስቆም የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 አይሲስ የዚዲዎቹ የሚኖሩበት ሲንጃር ገብቶ ወንዶቻቸውን ገደለ፣ ሴቶቻቸውን ለባርነት ሸጠ። ያልተገኙ እስካሁን ብዙ ናቸው። ልጅሽን ስንት ዓመት መጠበቅ! አስቢው እስቲ።

የዳዬ ታናሽ ልጅ ጀርመን ነው። እዚያ ብዙ ኩርድ አለ። ሲደውል ዳዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔም አንቺን ሳናግር እንደዚያው ነኝ።

መጋቢት 12 ኔውሮዝ ነው፣ አዲስ ዓመታቸው። በዋዜማው አክሬ በምትባል ከተማ ወጣቶች ችቦ ይዘው ተራራ ይወጣሉ። ቪዲዮውን እልክልሻለሁ። ለአያትሽም አሳዪያት።

እናትሽ