ልጁን የወሰደው ሩጫ አይደለም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ቡድናችን ልጅ ሞት ያወጣችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ። አጭር ነበር፣ ስህተትም አላየሁበትም። የሚሮጠው ርቀት፣ የሚጥል በሽታ እንደነበረበት፣ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ማረፉ ሁሉም ልክ ነው። እኔን ያስጻፈኝ ከዜናው በኋላ የተነሳው ወሬ ነው። «እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትን ልጅ ማን ሩጥ አለው?» ይላል ሰዉ። «አሰልጣኞቹ ናቸው የገደሉት» ያለም አለ፣ ያውም ቀብሩ ላይ።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ዝም ባልኩ ነበር። ግን ቡድናችን ውስጥ ያው ሕመም ያለባት አንዲት ታዳጊ አለች። ቤተሰቦቿ ከቀብሩ ወዲህ ልምምድ አስቀርተዋታል። ስሟን አልጠቅስም። ደብዳቤው ለእነሱ ነው የተጻፈው ብትሉኝ አልከራከርም።

መጀመሪያ ግን ስለ ልጁ ላውራ። ቤተሰቦቹ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ስሙ ደጋግሞ እንዲነሳ ግን አልፈለጉም፣ ስለዚህ እሱንም እተወዋለሁ።

1500 ሜትር ነበር የሚሮጠው። ቡድኑን የተቀላቀለ ቀን ገና ሰውነታችንን ሳናሟሙቅ መሃል ገብቶ ቆመ። «የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለ። «መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆንም። ከወደቅሁ ግን አትያዙኝ፣ አፌ ውስጥም ምንም አታስገቡ። ሰዓት ብቻ ያዙ። መቼም ሯጭ ሆኖ ሰዓት የሌለው የለም።» ሳቅን። ከዚያ ወደ መሙ ገባ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ሰው ሲሞት ሁሉም «ደግ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ቃሉን ልተወውና የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ውድድር ሲኖር የማልያውን ጠርዝ በትርፍ መርፌ ቁልፍ ደርድሮ ይመጣል። ምክንያቱም የደረት ቁጥሩን የሚያያይዝበት የጠፋበት ልጅ አይጠፋም። የሌላ ቡድን ልጅ ይሁን፣ ያውም ሊቀድመው የመጣ፣ ነቅሎ ይሰጠዋል። ልምምድ ላይ ደግሞ የራሱን ዙር ከጨረሰ በኋላ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። መጨረሻ ከቀረው ጋር ጎን ለጎን ይሮጣል። አይመክር፣ «አይዞህ በርታ» አይል፣ ዝም ብሎ አብሮ ይሮጣል። ውራ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ሲሸነፍ ያኮርፋል። ጫማውን የነካበት ሰው ወዮለት። ሰዓት አክባሪነት ደግሞ ከመም ውጭ የማያውቀው ነገር ነበር።

አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት ጣለው። ልምምድ ጨርሰን ሰውነታችንን እያፍታታን ነበር። በቅርብ የመጣ አንድ ልጅ ደንግጦ እጁን ሊይዘው ዘለለ። ከሴቶቹ አንዷ «ተው፣ አትያዘው!» ብላ ጮኸችና ተንበርክካ ሰዓቷን አስነሳች። ጃኬቷን ከጭንቅላቱ ስር አደረገች። አጠገቡ የነበረውን የብረት መሰናክል ሌላ ልጅ አነሳው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኛነው፣ አተነፋፈሱን አየን፣ ጠበቅን። ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለ አላወቀም ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ሲመለስ ልጅቷን አያትና «ስንት ያዝሽ?» አላት። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ገደማ መሆኑን ነገረችው። «ኧረ ይሄማ አሪፍ ሰዓት ነው» አለ። እሷ በሳቅና በእንባ መሃል ነበረች።

ልጅቷ ሰዓት የያዘችው በልማድ አይደለም። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሰውዬው ሳይነቃ ዳግም ከጀመረው አምቡላንስ መጥራት የግድ ነው። በድንጋጤ ውስጥ ደግሞ አንዷ ደቂቃ አሥር ትመስላለች፣ ስለዚህ በግምት አይሆንም። ማንኪያ ማስገባት፣ ጥርስ ማላቀቅ፣ ውሃ ማጠጣት፣ አፍንጫው ላይ የሚሸት ነገር መደቀን አንዱም አይጠቅምም። ምላስ አይዋጥም። ጥርስ ግን ይሰበራል፣ የረጂውም ጣት ይነከሳል።

አሁን ወደ ወሬው። ልጁን የገደለው ሩጫ ነው ወይ? አይደለም። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ የነገሩት ሕመሙ ራሱ አንዳንዴ የሚያመጣውን ድንገተኛ ሞት ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል በዓመት ከ1,000 ሰው አንዱን ገደማ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ሌሊት፣ እንቅልፍ ላይ፣ ሰው በሌለበት ነው፤ ብዙዎቹም በደረታቸው ተኝተው ነው የሚገኙት። አደጋውን ከሁሉም በላይ ከፍ የሚያደርገው መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ሕመም በመድኃኒት ሳይገታ መቅረቱ ነው። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሱታል። መም ላይ መሮጥ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ አይቀሰቅሰውም። ጥቂት ሰዎች ላይ ያደርጋል፣ ይህንንም የየራሳቸው ሐኪም ነው የሚያውቀው።

ወሬው አዲስ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊቷን ሯጭ ፍሎረንስ ግሪፊዝ ጆይነርን የማያውቅ የአትሌቲክስ ወዳጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በ100 ሜትር 10.49፣ በ200 ሜትር 21.34 ሰከንድ ሮጣ ያስመዘገበችው ሰዓት ዓመታት ሲቆጠሩ ማንም አልነካውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በ38 ዓመቷ ያረፈችው ተኝታ ሳለ ሕመሙ ተነስቶባት ነው። ሩጫ ካቆመች ቆይታ ነበር። ያኔም ከምርመራው ውጤት የቀደመው ሐሜት ነበር።

ሌላው ወገን ለምን አይነገርም? የብሪታንያው ሯጭ ዳይ ግሪን የሚጥል በሽታ እያለበት እ.ኤ.አ. በ2011 ዴጉ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የብስክሌት ተወዳዳሪዋ ማሪዮን ክሊኜ ብስክሌት የጀመረችው በሕመሙ ምክንያት መንጃ ፈቃዷን ስለተነጠቀች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2000 ኦሎምፒክ ለፈረንሳይ ብር አምጥታለች። መኪና ተከልክላ ኦሎምፒክ ገባች እንበል?

ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖርቶችን እንደ አደጋቸው በሦስት ከፍሎ አውጥቷል። የመም ሩጫ፣ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና ቴኒስ ያሉት ተጨማሪ አደጋ የላቸውም ከሚባለው ምድብ ነው። ዋናና ብስክሌት መሃል ላይ ናቸው፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደተገታ እየታየና አብሮ ሰው እየኖረ። ተራራ መውጣት፣ ፓራሹትና የመኪና ውድድር ከባዱ ምድብ ውስጥ ናቸው። እኛ የምንከለክለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ልጁ ለብቻው ሲዋኝ ዝም ያልን ሰዎች በሰው መሃል፣ አሰልጣኝ እያየው ሲሮጥ «ኧረ ይቅርብህ» እንላለን።

ልጁ ራሱ ቀምሶታል። አንድ ውድድር ላይ የሐኪም ወረቀቱን ይዞ፣ ቁጥሩን ለጥፎ ከቆመ በኋላ «አንተ አትሮጥም» ተባለ። የየትኛው ውድድር አዘጋጅ እንደሆነ አልናገርም። ኃላፊው ወረቀቱን አላነበበውም፤ «እዚህ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?» ብቻ ነው ያለው። ልጁ አልተከራከረም። የሁላችንንም ጃኬትና ቦርሳ ሰብስቦ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፣ ጨርሰን እስክንመጣ ጠበቀን። ከዚያ ግን ለቀናት ስልክ አላነሳም። የሞቱ ወሬ በየቦታው ሲነሳ እኔን የሚታወሰኝ ያ ቀን ነው። ከበሽታው ይልቅ ያ ቀን ነበር ያደቀቀው።

እንግዲህ ሞቱ ምንም አያስተምረንም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙም አሰልጣኙም ሌሊቱን አብዝተው ማሰብ አለባቸው። ለውድድር በሌሊት ተነስቶ መጓዝ፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ መሮጥ፣ በመንገድ ላይ የመድኃኒት ሰዓት ማለፍ፣ እነዚህ ናቸው መታረም ያለባቸው። ማደሪያ ሲደለደል ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ለብቻው ክፍል ባይሰጠው ይመረጣል፣ ክፍሉን ለሰው በሚያጋሩ ላይ አደጋው ዝቅ ብሎ ታይቷልና። ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ሰዓት መያዝና በጎን ማስተኛት ይወቅ። ይህን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጁ እኛን ያስተማረው ቆሞ፣ ከማሟሟቂያ በፊት ነበር።

በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ይህ ሕመም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢመረመሩና መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከእነዚህ ስንቱ ወጣት ከሜዳ እንደቀረ አስቡት። የሚያስቀራቸው ሕመሙ ብቻ አይደለም። ተደብቀው እንዲኖሩ ስለሚነገራቸው ነው። የተደበቀ ልጅ ደግሞ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አይኖርም።

ለልጅቷ ወላጆች፦ ፍርሃታችሁን አልንቅም። ልጃችሁ ናት፣ እኔ ደግሞ የቡድን ጓደኛዋ ብቻ ነኝ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉልን። ሐኪሟን ስለ ሩጫ በቀጥታ ጠይቁት፤ ስለ ሌሊቱም፣ ስለ መድኃኒቱም አብራችሁ ጠይቁት። ከዚያ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኑና ከመሙ ዳር ተቀመጡ። ማን ሰዓት እንደሚይዝ፣ የማን ስልክ ላይ የእናንተ ቁጥር እንዳለ፣ ጃኬቱ የት እንደሚቀመጥ እናሳያችኋለን። ካያችሁ በኋላም «አይሆንም» ካላችሁ የእናንተ ውሳኔ ነው።

አዘጋጆች፣ ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ስለ ልጁ የጻፍኩትን ቆርጣችሁ ጣሉት፣ እሱ አይቀየምም። ሰዓት ስለ መያዝና በጎን ስለ ማስተኛት የጻፍኩትን ግን እንዳለ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቡድን ጓደኞቹ አንዱ